ከፎጣው ስር ያለው እጅ

ሀሺን የማያውቅ የነገሌ ሰው ካለ፣ ከብት ሸጦም ገዝቶም የማያውቅ ሰው ነው። ዛሬም በገበያ ቀን ከከብት ገበያው በር አጠገብ፣ ከግራሩ ጥላ ስር ታገኙታላችሁ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺሙን በሂና ያቀላ፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አጥፎ የያዘ ሰው። ሦስቱ ጣቶቹ ወደ መዳፉ ታጥፈዋል። ሰው ሲያየው ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ንዴት ይይዘኛል፤ በእሱ፣ በገበያው፣ ከሁሉም በላይ በራሴ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዓብዱሰመድ እባላለሁ። የጽሕፈት መሣሪያ እሸጣለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ሀሺ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፤ ሥራው ደላላ ነው። ደላላ ስላችሁ አዲስ አበባ ቤት የሚያከራየውን ዓይነት እንዳይመስላችሁ። በእኛ ገበያ፣ በተለይ በዚያ ዘመን፣ ከብት የሚሸጠው በአፍ ሳይሆን በእጅ ነበር። ሻጩ ቀኝ እጁን ይሰጣል፣ ደላላው እላዩ ላይ ፎጣ ይጥልበታል፣ ከዚያ ከፎጣው ስር ጣት ከጣት ጋር ይነጋገራል። አንድ ጣት መጨበጥ፣ ሁለት ጣት መጨበጥ፣ አውራ ጣትን ጫን ማድረግ፣ ሁሉም ትርጉም አለው። ሃምሳ ሰው ዙሪያውን ከቦ እያየ ዋጋውን አንድ ሰው እንኳ አይሰማም። ሻጩ በርካሽ ሰጠ ተብሎ አይታማም፣ ገዢውም ተሞኘ ተብሎ አይሳቅበትም። ደላላው ከሻጩ እጅ የሰማውን ይዞ ወደ ገዢው እጅ ይሄዳል። ምስክር የለም፣ ወረቀት የለም፤ ያለው የደላላው እጅ ብቻ ነው።

የሀሺ እጅ ዋሽቶ አያውቅም። ይህን የምለው ጓደኛዬ ስለሆነ አይደለም፤ ጓደኛን በማማት የሚወዳደረኝ የለም። ግን የማላማው ነገር ይሄ ነው። ከአሬሮ መስመር ሰንጋ እየነዱ የሚመጡ ኦቦ ሀላኬ የሚባሉ የቦረና ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸው ሀሺ ታሞ ከቀረ ከብታቸውን መልሰው ይነዳሉ እንጂ ለሌላ ሰው እጃቸውን አይሰጡም ነበር። ሰንጋዎቹን ሦስት ቀን ነድተው አምጥተው፣ ሦስት ቀን ነድተው ይመልሳሉ። መታመን ማለት ለኔ ይህ ነው።

በዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት አንድ ኮርማ አይሱዙ ላይ ሲጫን ገመዱ በሀሺ ቀኝ እጅ ላይ ተጠመጠመ። ኮርማው ወደ ኋላ ሲመለስ እጁም አብሮ ሄደ። መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ፣ ከዚያ ሆስፒታል ሄደ፤ ጀሶው ሲፈታ ጣቶቹ እንደ ደረቀ እንጨት ሆነው ወጡ። ከፎጣ ስር መናገር የማይችል እጅ ይዞ አምስት ወር ቤቱ ተቀመጠ። ጃለኔ የምትባል ነርስ መድኃኒቱ ማንቀሳቀስ ብቻ እንደሆነ ነግራ የጨርቅ ኳስ ሰጠችው፤ በቀን መቶ ጊዜ ጨምቅ አለችው። ሀሺ አንድ ሳምንት ጨምቆ ኳሷን ለልጁ ለኢክራን ሰጣት። ሰልችቶት ነው፤ ማንም ቢሆን ይሰለቸዋል።

ያን ሰሞን ከሞያሌ አንድ ጆንያ ያገለገሉ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት መጥተውልኝ ነበር። ከመሀላቸው ሽፋን የሌላት አንዲት ቀጭን ጥራዝ ተገኘች፤ ጀማሪ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሊማራቸው የሚችሉ ቀላል የምትሃት ጨዋታዎች የተጻፉባት። ማን ይገዛታል ብዬ መደርደሪያው ስር ልወሽቃት ስል ሀሺ ገባ። ፊደል ብዙም አይወድም፤ ገጾቹ ላይ ግን የተሳሉት እጆች ነበሩ። ጥራዟን ተቀብሎኝ ቆሞ ገለጠ፣ ገለጠ፣ ከዚያ እነዚህ እጆች ምን እያሉ ነው ብሎ ጠየቀኝ። እሱ እጅ ማንበብ ያውቃል፣ እኔ እንግሊዝኛ። በዚያው ተጀመረ።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል እንቀመጣለን። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይሠራል። የመጀመሪያው የሳንቲም ነው። ሃምሳ ሳንቲሟን መዳፍህ ላይ ታስቀምጣታለህ፤ ሌላው እጅ ያነሳት መስሎ ይጨበጣል፣ እሷ ግን ከአውራ ጣት ስር ባለው ሥጋ ተይዛ እዚያው ትቀራለች። ዋናው ነገር አንተ ራስህ ባዶውን እጅ ማየትህ ነው፤ አንተ የምታየውን ሰውም ያያል። በቃል ሲነገር ቀላል ነው። የሀሺ ሳንቲም ግን ለስንት ቀን ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ስር ስትገባ በሆዴ ተኝቼ ሳወጣት ከረምኩ።

ሁለተኛው የክብሪት ነው። አስቀድመህ በፎጣው ቅምቅማት ውስጥ አንድ የክብሪት እንጨት ትደብቃለህ። ሌላ እንጨት ሰው ፊት ፎጣው መሀል ታስቀምጥና ትጠቀልላለህ፤ ከዚያ ሰውየው በጨርቁ ላይ ይዞ እንዲሰብረው የምታቀብለው ግን ቅምቅማቱ ውስጥ ያለውን ነው። ቀጭ ሲል ይሰማል። ፎጣውን ስታራግፈው ደህናው እንጨት ይወድቃል። ጥራዟ ሁለት ሕግ ነበራት፤ ምስጢሩን ለማንም አትንገር፣ አንዱን ጨዋታ እዚያው ሰው ፊት አትድገም። እኔ ማስተማር ስለምወድ ሕጎቹን በየቀኑ እደግምለት ነበር።

በሦስት ወሩ ጣቶቹ ተፈቱ። እንዲያውም ከበፊቱ የበለጡ ሆኑ። ጃለኔ ስታየው ሌሎች በሽተኞችን ጠርታ እጁን አሳየቻቸው። ሀሺ ወደ ገበያው ተመለሰ፣ ኦቦ ሀላኬም ሰንጋቸውን ይዘው መጡ፤ ከፎጣው ስር እጁን ጨብጠው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም አሉ። እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት።

በኢድ ከሰዓት በኋላ ሀሺ ግቢ ተሰበሰብን። ደላሎቹ ነበሩ፣ ኦላና የሚባለውም ጭምር፤ ሾፌሮች ነበሩ፣ ኦቦ ሀላኬም እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጥተው የክብር ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ሀሺ ለልጆቹ ሳንቲሟን እየሰወረ ከጆሯቸው ያወጣላቸው ነበር። በዚያ ሊያበቃ ፈልጎ ነበር። የክብሪቱን አሳያቸው ብዬ የወተወትኩት እኔ ነኝ። ተማሪዬ እንዲታይልኝ ፈለግኩ። ከትከሻው ላይ የገበያ ፎጣውን ያወረድኩት፣ ጓዳ ገብቼ እንጨቱን ቅምቅማቱ ውስጥ የከተትኩት፣ ክብሪቱን ለኦቦ ሀላኬ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ሀሺ እንጨቱን ጠቅልሎ ሰጣቸው፤ ሽማግሌው በጨርቁ ላይ ይዘው ሰበሩት። ቀጭ አለ። ሀሺ ፎጣውን አራገፈው፣ ደህናው እንጨት ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ግቢው በጭብጨባና በሳቅ ተሞላ። ኦቦ ሀላኬ አልሳቁም። እንጨቷን አንስተው አገላብጠው አይዋት።

«ሀሺ፣ በዚህ ጣቴ ነው የሰበርኩት» አሉ ቀስ ብለው።

«ጨዋታ እኮ ነው፣ ኦቦ ሀላኬ። ለሳቅ ነው፤ አይቀየሙኝ።»

«ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከፎጣህ ስር ጣቴ ዋሸኝ።»

እንጨቷን በልብሳቸው ጫፍ ቋጠሯት። ከሦስታችን በቀር የሰማ የለም። እኔም ቢሆን ያን ጊዜ ምን እንደተባለ አልገባኝም፤ አጨበጨብኩ።

በቀጣዩ ገበያ ኦቦ ሀላኬ ሀሺን እንደ ወትሮው ሰላም አሉት። አካም፣ ናጋ፣ ከብቱ ናጋ፣ ዝናቡ ናጋ፤ አንድም አልጎደለም። ሀሺ ፎጣውን ሲዘረጋ ግን እጃቸውን ወደ ልብሳቸው ውስጥ ሰበሰቡ። ዛሬ ከኦላና ጋር ልሞክር አሉ፤ ስድብ የለ፣ ቁጣ የለ። ሰው ይህን አየ። ኦቦ ሀላኬ እጃቸውን የነፈጉት ደላላ ምን ቢያደርግ ነው ተባለ፤ የኢዱ ጨዋታ ተነሳ። በወሩ ከግራሩ ስር ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ብቻውን የሚቆመው ሀሺ ሆነ።

ምስጢሩን እንግለጠው ብለን መከርን። ሕጉን እናፍርሰውና ነጻ እንውጣ። ሀሺ በገበያ መሀል ፎጣውን ቀድዶ ቅምቅማቱን አሳየ፣ እንጨቱ እዚህ ነው የሚደበቀው፣ ሌላ ምንም የለም አለ። እኔም ጥራዟን ከፍቼ ስዕሉን አዞርኩ። ሰዎቹ በትዕግሥት አዩ። ከኋላ የቆመ አንድ ሰው ይህን ያሳዩን ሌላውን እንዳንጠይቃቸው ነው አለ። ሀሺ የሌላ ሰው ፎጣ ተዋሰ፤ ነገሩ የፎጣው ሳይሆን የጣቱ ነው ተባለ። እጅጌውን እስከ ክንዱ ሰበሰበ፤ ድሮ ያልሰበሰበውን አሁን ለምን ሰበሰበ ተባለ። ባወራን ቁጥር እየጠበበብን ሄደ። እኔ ስናደድ ደግሞ ጭራሽ ባሰ፤ የሚቆጣ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው አሉ።

በመጨረሻ ሀሺ ሽማግሌዎች እንዲቀመጡለት ጠየቀ፤ ተቀመጡ። ሀሺን የሚከስ ማን ነው ብለው ጠየቁ። ወደ ኦቦ ሀላኬ ዞሩ። ሽማግሌው ተነስተው ሀሺን እንደማይከሱት፣ አንድም ቀን ያጎደለባቸው ነገር እንደሌለ፣ እጃቸውን ለማን እንደሚሰጡ ግን የራሳቸው ጉዳይ እንደሆነ ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ከሳሽ ከሌለ ጥፋት የለም፣ በሰላም ሂድ ብለው መረቁት። ሀሺ አልሄደም።

«እባካችሁ» አለ፣ «አንድ ሰው ይክሰሰኝ።»

ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ቢከሰስ ይምላል፣ ቢምል ይነጻል። ያልከሰሰውን ሰው በምን ይርታው? ከፎጣ ስር የተባለውን የሚያውቁት ሁለት እጆች ብቻ ናቸው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ተነሱ።

ለመሸሽም ሞክሯል። ሞያሌ ሲሄድ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር፤ እዚያ ያሉት ደላሎች እስቲ ይህችን ግመል ሰውርልን እያሉ ተጫወቱበት። አብሯቸው ስቆ ተመለሰ። ቡሌ ሆራ ቡና ጭነት ላይ አርባ ቀን ሠራ። እዚያ ዋጋው በጩኸት ነው የሚነገረው። ሀፊዛ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹን ይዛ ብቻዋን ናት፤ እሱም ከጩኸቱ መሀል አፉ አልታዘዝ አለው። ተመልሶ ከግራሩ ስር ቆመ።

ወጥመዱ የተዘጋው በሐጋያ፣ በጥቅምቱ አጭር ዝናብ ወቅት ነው። አንድ በጣም የቀዘቀዘ ጠዋት ሀሺ ሻይ ሊጠጣ ተቀመጠ፤ ያ የዳነው እጁ ብርድ ሲነካው አንዳንዴ ይጨብጠው ነበርና ሦስቱ ጣቶቹ ተቆልፈው ብርጭቆው ወደቀ። ኦቦ ሀላኬ ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። ተነስተው መጡ፣ እጁን አንስተው ጣቶቹን አንድ በአንድ ለመዘርጋት ሞከሩ፤ እምቢ አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ እኮ ድኗል ብዬ ነበር፣ በታመመ ሰው ላይ ክፉ አሰብኩ አሉ። ከዚያ ፎጣውን ራሳቸው ከትከሻው ላይ አውርደው በሁለቱ እጆች ላይ ጣሉት፣ እዚያው፣ ገበያው ሁሉ እያየ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብቻ፣ እየተንተባተበም ቢሆን ተነጋግረው ሁለት ሰንጋ ሸጡ። እንዲህ ያለ እጅ ምን ያታልላል አለ ሰው።

ቀትር ላይ ሱቄ መጣ። ፀሐይ ወጥቷል፣ እጁም ሞቆት በራሱ ተፈትቷል። እየከፈተ እየዘጋ ያየዋል። ነገሩን ሲነግረኝ ሄደህ ለሽማግሌው አሳያቸው አልኩት።

«እውነቱን ፎጣዬን ቀድጄ ነግሬያቸው የለም እንዴ?» አለኝ። «ደህናውን እጅ አላመኑም። የታመመውን አመኑ። ታሞ ይቆይ።»

አንድ ገበያ መስሎኝ ነበር። አስራ ስምንት ዓመት ሆነ። ጠዋት ከደጁ ሲወጣ ሦስቱን ጣቶች ያጥፋቸዋል፣ ሲመለስ ይዘረጋቸዋል። እንግዳ ካለ ሀፊዛ የሸሚዙን ቁልፍ ትቆልፍለታለች። ስድስት ሰንጋ ያሻሽጥ በነበረበት ሰዓት ሁለት ብቻ ያሻሽጣል፤ ሁለት ጣት ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ኢክራን ስትዳር፣ በኒካው ላይ አባት የሙሽራውን ቀኝ እጅ ይጨብጣል፤ ገበያው ሁሉ ተጠርቷልና ሀሺ ያንን የታጠፈ እጁን ሰጠ። ማታውን ከሙሽሮቹ መኪና ኋላ ቆሞ ሲያለቅስ አገኘሁት። ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ታማኝ ለመባል በየቀኑ የሚዋሽ ሆነ፣ ያውም በዚያችው እጅ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ላይ ሲደርስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

እጁ የምትፈታው ከሱቄ ጀርባ ብቻ ነበር። ከምሳ በኋላ በሩን ዘግቶ ሃምሳ ሳንቲሟን ያወጣል። ሳንቲሟ ከጣት ጣት ስትሄድ፣ ስትጠፋ፣ ከክርኑ ስር ስትወጣ፣ ያስተማርኩት እኔ ራሴ የት እንደገባች አላውቅም ነበር። እንዲህ ያለ እጅ በአገሩ ነበረ ማለት አልችልም፤ ተመልካቹ ግን እኔ አንድ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ፎቶ ኮፒ ፈላጊ በሩን ገፍቶ ሲገባ ሀሺ ደንግጦ ሳንቲሟን ዋጣት ብል ታምኑኛላችሁ? ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መምጣቱን ተወ። በሳምንት ሆነ፣ በወር ሆነ። ቤቱም የልጅ ልጆች ሞልተውበት ስለነበር እዚያም አይዘረጋውም።

ኦቦ ሀላኬ ደግሞ በየገበያው ቀን፣ ሽያጩ ሲያልቅ፣ ያንን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ደንባቸው ምራቃቸውን እንትፍ ብለው ይመርቁታል። ዋቃ እጅህን ይክፈትልህ ይላሉ። ሀሺ አሜን ይላል። አሜን ባለ ቁጥር ጣቶቹን የበለጠ ሲያጥፋቸው አያለሁ።

አሁን ጊዜው ተለውጧል። ወጣቶቹ ደላሎች ዋጋውን ሞባይል ላይ ጽፈው ያሳያሉ፤ ኦላናም ሥራውን ትቷል። ፎጣ የሚፈልጉት ሽማግሌዎቹ ብቻ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ የሀሺ ናቸው። ዘንድሮ ኦቦ ሀላኬ ደክመው፣ በዱላ ተደግፈው ሲመጡ አይቼ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከዚህ በፊት ስላልመጣልኝ ራሴን በጥፊ ልመታው ምንም አልቀረኝም። አስራ ስምንት ዓመት የተመረቀ እጅ ምርቃቱ ቢደርስለት ማን ይጠይቃል? በሚቀጥለው ገበያ ሲመርቁህ ቀስ ብለህ ክፈተው አልኩት። ሽማግሌውም ደስ ብሏቸው ይሙቱ፣ አንተም እንደ ሰው በሁለት እጅህ ኑር።

ሀሺ የሰው ጸሎት ላይ መቀለድ ነው ብሎ እምቢ አለ። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ የዋሸኸውስ ብዬ ጮህኩበት። ሳቀ፤ እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ዘመን የለውም። እሺ፣ የመጨረሻዋ ጨዋታ ትሁን አለ።

የገበያው ቀን ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ከግራሩ ስር ሰው ከቧቸዋል። ኦቦ ሀላኬ አንድ ወይፈን ሸጡ፣ ፎጣው ተነሳ፣ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ እንትፍ ብለው መረቁት። ሀሺ አሜን አለ፤ እኔን አየኝ፣ በራሴ ነቀነቅኩለት።

የክንዱ ጅማት ተወጠረ። ግንባሩ ላብ አወጣ። ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም። ጎበዝ ነው አልኩ በልቤ፤ ጥራዟ አትቸኩል፣ ሰውን አስጠብቅ የምትለውን አልረሳም። ከዚያ ዓይኑን አየሁት። ጨዋታ አልነበረም። በግራ እጁ የቀለበት ጣቱን ይዞ ሳበው፣ ደግሞ ሳበው። አልመጣም። ለመጨረሻ ጊዜ ሱቄ የመጣው መቼ ነበር? ከረመዳን በፊት። ሰባት ወር አልፎታል። ያን ሁሉ ጊዜ እጁ አልተዘረጋም ማለት ነው።

ኦቦ ሀላኬ የግራ እጁን ያዝ አድርገው አስቆሙት።

«ተወው ልጄ፣ አታሰቃየው» አሉት። «እኛ እንዲህ ሆኖ ነው የምናምነው።»

ፎጣውን አንስተው መልሰው እጁ ላይ ጣሉለት። ሌላ ሻጭ ጊደሩን ይዞ ተራ እየጠበቀ ነበር።